ሦስት ቤት፣ ስንት ዘይት? ለረጅም ጉዞ ሞተርሳይክል የሞተር፣ የፕራይመሪና የካምቢዮ ዘይት አመራረጥ

ሐዋሳ ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ የሞተርሳይክል ዘይት የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚመለስለት ጥያቄ «ባለ አንድ ሊትሩን ነው ባለ አራቱን?» የሚል ብቻ ነው። በከተማው የሚበዙት ሞተርሳይክሎች ለሞተሩም፣ ለፍሪሲዮኑም፣ ለካምቢዮውም አንድ ዘይት የሚጠቀሙና አንድ ሊትር ገደማ የሚበቃቸው ትናንሽ ስለሆኑ ባለሱቁ አይወቀስም። ነገሩ የሚወሳሰበው ደጅ የቆመው ሦስት የዘይት ቤት ያለው ትልቅ የጉዞ ሞተርሳይክል ሲሆን ነው። ያኔ መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ዘይቶች የትኛው ወደ የትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ አስተካክሎ የሚናገር ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ የሚገኘውም ምክር ወይ «ውዱ ይሻላል» ወይ «ሁሉም ያው ነው» የሚል ነው።

ይህ መመሪያ የሚያነጻጽረው የዘይት ዓይነቶችን እንጂ የአምራቾችን ስም አይደለም። ዋና ምሳሌ ያደረግሁት ሃርሊ-ዴቪድሰን ለረጅም ጉዞ የሚሠራቸውን ሞተርሳይክሎች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2016 ትዊን ካም የተባለውን ሞተር፣ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሚልዋኪ-ኤይት የተባለውን የያዙት ማለት ነው። ሁለቱም ሞተሩን፣ ፕራይመሪውንና ካምቢዮውን በየራሳቸው ዘይት ያስሠራሉ። ከዚህ የተለየ አሠራር ያላቸውን ወደ መጨረሻው አነሣለሁ።

ከዘይቱ በፊት ቤቱን ማወቅ

የሞተሩ ዘይት ዋና ፈተና ሙቀት ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ላይ የኋላው ሲሊንደር በፊተኛው ስለሚከለል ነፋስ በበቂ አይደርሰውም፤ ስለዚህ የበለጠ ይግላል፣ ሙቀቱንም ዘይቱ ተሸክሞ መውጣት አለበት። በዚያ ላይ የቃጠሎ ጥላሸት፣ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል የሚወርድ ቤንዚንና ፊልትሮ ያመለጠው አቧራ ይቀላቀልበታል። ቶሎ የሚቆሽሸውና ቶሎ የሚቀየረው ይህ ዘይት ነው።

ፕራይመሪ የሚባለው በግራ በኩል ካለው ረጅም ክዳን ሥር የሚገኘው ቤት ነው። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ ኃይል የሚያሻግረው ካቴና፣ ዘይት ውስጥ የሚሠራው ፍሪሲዮን ራሱና ባትሪውን የሚሞላው አመንጪ እዚያ ይኖራሉ። እዚህ ዘይቱ ሁለት የሚጣረሱ ሥራዎች ተሰጥተውታል፤ ካቴናውን ማለስለስ አለበት፣ የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ግን ከልክ በላይ ማለስለስ የለበትም።

ካምቢዮው ውስጥ ቃጠሎ የለም፤ በእነዚህ ሞተርሳይክሎች ላይ ፍሪሲዮንም የለም። ያለው ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲጫን የሚፈጠር ከፍተኛ ግፊት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱን ዘይት የምንመዝንባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። አንደኛው ዘይቱ ፍሪሲዮን ይነካል ወይ የሚለው ሲሆን ሌሎቹን ሁሉ የሚያሸንፍ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ የወደቀ ዘይት በሌላው ቢመሰገን አይጠቅምም። ሁለተኛው በሚነዳበት አገር ሙቀት ውፍረቱን ይይዛል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው መንገድ ላይ ሲጎድል ይገኛል ወይ የሚለው፣ አራተኛው ደግሞ ዋጋው ነው። ዋጋው በሊትር ሳይሆን በተነዳው ኪሎ ሜትር ቢታሰብ ይሻላል።

ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ ሠርቶ ማየት ብዙ ክርክር ያስቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ለተሠሩት የጉዞ ትዊን ካሞች ሞተሩ ከፊልትሮው ጋር ወደ 3.8 ሊትር ይወስዳል፤ በየ8,000 ኪሎ ሜትሩም ይቀየራል። ፕራይመሪው 1.1 ሊትር ገደማ ሆኖ በየ16,000፣ ካምቢዮው 0.95 ሊትር ገደማ ሆኖ በየ32,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። በ32,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንግዲህ ሞተሩ አራት ጊዜ ተቀይሮ 15.2 ሊትር፣ ፕራይመሪው ሁለት ጊዜ ተቀይሮ 2.2 ሊትር ሲጠጡ፣ ካምቢዮው የሚጠይቀው አንዲት ሊትር የማትሞላ ዘይት ብቻ ነው። ከጠቅላላው ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ውድ ዘይት ኪስ የሚጎዳው ሞተሩ ላይ ነው፤ በካምቢዮ ዘይት ላይ መሰሰት ግን ሦስትና አራት ዓመት በምታገለግል አንድ ሊትር ላይ መሰሰት ነው።

ጋሎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

20ደብሊው-50 በሚለው ጽሑፍ ላይ «ደብሊው» የክረምት ብርድን ያመለክታል፤ ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሞተር ሲነሣ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ ከእሱ በኋላ ያለው ደግሞ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። ሐዋሳም ሆነ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ የሚገኙ፣ ንጋታቸው ቢቀዘቅዝ እንኳ ከዜሮ በላይ የሆነ ከተሞች ናቸው። 20ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ቁጥር 10 ይሁን 15 ወይም 20 ለእኛ ብዙ ልዩነት አያመጣም። ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ጃሶ የሚለው የጃፓን መለኪያ ለባለ አራት ምት ሞተርሳይክል ዘይቶች የተዘጋጀ ሲሆን ዘይቶችን ፍሪሲዮን ላይ ባላቸው ጠባይ ይለያቸዋል። ኤምኤ የተባለው ፍሪሲዮኑ እንዲይዝ የሚያስችል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ተከፍሏል፣ የበለጠ የሚያስይዘውም ኤምኤ2 ነው። ኤምቢ የተባለው ሰበቃው ዝቅተኛ ስለሆነ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን አይሆንም። ኤስኤል፣ ኤስኤን፣ ኤስፒ እያሉ የሚሄዱት የኤ.ፒ.አይ. (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ፊደላት ደግሞ የኋለኛው ፊደል አዲስ ደረጃ መሆኑን ይነግሩናል፤ አዲስነቱ ግን ለፍሪሲዮን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ለመኪና የተሠሩ ቀጫጭን ዘይቶች፣ በተለይ ነዳጅ ቆጣቢ የሚል ምልክት ያለባቸው፣ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስለሚጨመርባቸው ለመኪናው ምስጋና የሆነው ነገር ለሞተርሳይክሉ ጉዳት ይሆናል።

የሞተሩ ዘይት

የሃርሊ የባለቤት መመሪያ የዘይቱን ውፍረት ከአየሩ ሙቀት ጋር ያያይዘዋል። አየሩ ከ4 ዲግሪ በታች ሲሆን 10ደብሊው-40፣ ከ4 በላይ 20ደብሊው-50፣ ከ16 በላይ ባለ አንድ ቁጥሩን 50፣ ከ27 በላይ ደግሞ ባለ አንድ ቁጥሩን 60 ይጠቅሳል። ይህን ሰንጠረዥ ይዞ የሐዋሳን ቀን የሚያስብ ሰው ማለዳ 50፣ ከሰዓት 60 ማለት ሊመጣበት ይችላል። 20ደብሊው-50 ሁለቱንም ስለሚያዳርስ መነሻችን እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ በማዕድን፣ በከፊል ሲንቴቲክና በሙሉ ሲንቴቲክ መካከል ነው። ማዕድኑ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ፣ በዋጋ ዝቅ ያለ፣ በመደበኛ ሙቀት ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ነው። ሲንቴቲኩ በፋብሪካ የሚቀመም ሲሆን ከፍተኛ ሙቀትን ይበልጥ ይችላል፣ ቶሎ አይወፍርም፣ አተላም ቶሎ አይሠራም። «ከፊል ሲንቴቲክ» የሚለው ስም ግን ሲንቴቲኩ ከመቶ ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ ለስሙ ብቻ ብዙ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን አልመክርም።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ሐዋሳ አካባቢ የሚነዳ፣ ቅዳሜና እሑድ ወንዶ ገነት ወይም ላንጋኖ ደርሶ የሚመለስ ሰው ማዕድኑን 20ደብሊው-50 ቢጠቀምና ከ8,000 ይልቅ በየ4,000 ወይም 5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢቀይር፣ ሲንቴቲክ ሞልቶ 10,000 ከሚጠብቀው ሰው የተሻለ ሞተር ይኖረዋል። ሲንቴቲክ አቧራን አያስወግድም፤ ጠጠርና አቧራማ መንገድ ላይ የዋለ ዘይት ስሙ ምንም ቢሆን መውጣት አለበት። ሲንቴቲኩ ዋጋውን የሚመልሰው ሙቀት ሲበዛ ነው፤ ሰውና ዕቃ ጭኖ ረጅም ዳገት መውጣት፣ ሻሸመኔ መሐል በባጃጅና በጋሪ ተከቦ በአንደኛ ማርሽ መንፏቀቅ፣ ወይም ከአዳማ ተነሥቶ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ወደሆነው ወደ አዋሽ ሙቀት መውረድ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የሚያልፈው ነፋስ የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። ሞተሩም በዚያው መጠን ጉልበቱ ስለሚቀንስ ከፊሉ ይካካሳል፤ መንገድ ተዘግቶ ቆሞ ሲሠራ ግን የሚያካክሰው የለም።

ባለ አንድ ቁጥሩ ሃምሳ፣ ዘይት ለሚበላ ያረጀ ሞተር ደህና አማራጭ ነው፤ ሆኖም ሐዋሳ ላይ ተመችቶ ሀገረ ሰላም ወይም ዶዶላ ንጋት ላይ ሲነሣ ይከብዳል። 10ደብሊው-40 ለብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ትክክለኛው ነው፤ በአየር ለሚቀዘቅዝ ትልቅ ሞተር ግን በእኛ ሙቀት ይቀጥናል።

የናፍጣ ዘይት የሚለውን ሐሳብ ብዙ ሰው ይስቅበታል፤ ነገር ግን መመሪያው ራሱ ይፈቅደዋል። የሚመከረው ዘይት ሲታጣ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የመሰለ ደረጃ ያለው የናፍጣ ሞተር ዘይት ለጊዜው ሊጨመር ይችላል፤ በተገኘው የመጀመሪያ ዕድል ወደ ትክክለኛው መመለስ ነው። አይሱዙ በሚቆምበት ከተማ ሁሉ 15ደብሊው-40 ስለሚገኝ ይህን ማወቅ ያቤሎ ላይ ዘይት የጎደለበትን ሰው ከጭንቅ ያወጣል። ፈቃዱ ለሞተሩ ቤት ብቻ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

የፕራይመሪው ዘይት

እዚህ ላይ የራሴን ላንሣ። አንድ ጊዜ ወደ ሀገረ ሰላም ከመውጣቴ በፊት ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጋራዥ ፕራይመሪውን ለማስቀየር ገባሁ። መካኒኩ የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቆርጦ ማንቆርቆሪያ ሠራና «ሲንቴቲክ ነው፣ አይጠገብም» እያለ የመኪና 5ደብሊው-30 ሞላበት። እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። እስከ አለታ ወንዶ ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከ2,700 ሜትር በላይ ወዳለችው ከተማ መውጣት ሲጀምር፣ አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጠው የሞተሩ ድምፅ ጭው ብሎ ይወጣል፣ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ኋላዬ ድንች የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነበር። ተመልሼ ዘይቱን በኤምኤ2 አስቀየርኩት፤ ሸራዎቹ የጠጡት ቅመም ወዲያው ስላልለቀቀ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቼ እንደገና ማስቀየር ነበረብኝ። የፕራይመሪ ካቴና የሚያስፈልገው ቅባት በብዙ ዘይቶች ይሟላል፤ የሚያጣላው ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ ነው።

ለፕራይመሪ ሦስት ጤናማ መንገድ አለ። የመጀመሪያው አምራቹ ለፕራይመሪና ለካምቢዮ በጋራ ያዘጋጀው ዘይት ነው፤ ከጥርጣሬ የራቀ ነው፣ አገር ውስጥ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎች ከውጭ በሚመጣ ሰው ያስመጡታል። ሁለተኛው ጃሶ ኤምኤ2 የሆነ 20ደብሊው-50 የሞተርሳይክል ዘይት ሲሆን እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ሦስተኛው ተመሳሳይ ደረጃ ያለው 10ደብሊው-40 ነው፤ ቀጠን ስለሚል ፍሪሲዮኑ በቅጡ ይለቃል፣ ፎሌም በቀላሉ ይገባል፣ የካቴናው ድምፅ ግን ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚሞሉ አሉ። ፍሪሲዮኑን ቢያስይዝም ለካቴናው ይሳሳል፤ ዓይነቱም ብዙ ስለሆነና አብዛኞቹ ሰበቃ የሚያለዝብ ቅመም ስላለባቸው አልመክረውም። 85ደብሊው-140 የዲፈረንሻል ዘይት ደግሞ ከነጭራሹ መግባት የለበትም፤ ሸራዎቹን ያጣብቃል። መጠንም ከዓይነት አያንስም። ፕራይመሪ ከልኩ በላይ ሲሞላ ፍሪሲዮን በሙሉ አይለቅም፣ መብራት ላይ ቆሞ ፎሌ መፈለግ የእግር ትግል ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይህን የገመድ ችግር እያለ ገመድ ሲያጠብቅ ይውላል።

የካምቢዮው ዘይት

ይህ አጭር ነው። 75ደብሊው-90 የሚለውን የጥርስ ዘይት ያየ ሰው ከ20ደብሊው-50 እጥፍ የሚወፍር ይመስለዋል፤ የጥርስ ዘይት በሌላ መለኪያ ስለሚቆጠር እንጂ በ100 ዲግሪ ላይ የ90ው ውፍረት ከሞተር ዘይት 40 እና 50 ጋር የሚቀራረብ ነው። ልዩነቱ ቅመሙ ላይ ነው። ክዳኑን ሲከፍቱት እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸተው የድኝ ቅመም ጥርሶቹን ከግፊት ይጠብቃል። ከጥርስ ዘይት ደረጃዎች ጂኤል-5 የተባለው ከጂኤል-4 እጥፍ ያህል ቅመም አለው፤ አንዳንዱ በከፍተኛ ሙቀት ነሐስን ሊበላ ስለሚችል ነሐስ የማይጎዳ መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ ነው። ሲንቴቲክ 75ደብሊው-90 ማርሽ ያለሰልሳል፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ የሚሰማውን «ቋ» ያለዝባል። ዋስትናው ያላለቀ ሞተርሳይክል ያለው ሰው ግን የመመሪያውን ዘይት ብቻ ይጠቀም።

አንድ ዘይት ለሦስቱም

አምራቹ ራሱ ለሦስቱም ቤት የሚፈቅደው ሙሉ ሲንቴቲክ 20ደብሊው-50 አለው፤ ስለዚህ ሐሳቡ የስንፍና አይደለም። ለሦስቱም ስድስት ሊትር ገደማ ይበቃል፤ አንድ ባለ አራት ጋሎንና ሁለት ባለ አንድ ሊትር ማለት ነው። ትልቁ ጥቅም የተሳሳተ ዘይት ወደ ተሳሳተ ቀዳዳ የመግባቱ ዕድል መዝጋቱ ነው። ጉዳቱ ካምቢዮው የጥርስ ዘይትን ያህል ለስላሳ አለመሆኑ ብቻ ነው።

| የዘይት ዓይነት | ሞተር | ፕራይመሪ | ካምቢዮ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ማዕድን 20ደብሊው-50፣ ኤምኤ2 | ጥሩ፣ ቶሎ ከተቀየረ | ጥሩ | ይሠራል | ዝቅተኛ |
| ሙሉ ሲንቴቲክ 20ደብሊው-50፣ ኤምኤ2 | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ከፍተኛ |
| 10ደብሊው-40፣ ኤምኤ2 | በሙቀት ይሳሳል | ጥሩ | አይመከርም | መካከለኛ |
| ባለ አንድ ቁጥር 50 | ላረጀ ሞተር | አይመከርም | አይመከርም | ዝቅተኛ |
| የናፍጣ 15ደብሊው-40 | ለጊዜው ብቻ | አይገባም | አይመከርም | ዝቅተኛ |
| የመኪና 5ደብሊው-30 | አይገባም | ፈጽሞ | አይገባም | መካከለኛ |
| የጥርስ ዘይት 75ደብሊው-90 | ፈጽሞ | አይመከርም | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ፣ ግን ጥቂት ነው የሚፈጀው |

ለማን የትኛው

በጀቱ የጠበበ ሰው ለሞተሩና ለፕራይመሪው ማዕድኑን ኤምኤ2 20ደብሊው-50 ይግዛ፤ የተረፈችውን ገንዘብ ለካምቢዮው አንድ ሊትር ሲንቴቲክ 75ደብሊው-90 ያውላት። ከሐዋሳ በዲላ አድርጎ ሞያሌ፣ ወይም በሶዶ በኩል አርባ ምንጭና ጂንካ ለሚወርድ ሰው ሙሉ ሲንቴቲኩን ለሦስቱም ሞልቶ አንድ ሊትር በሻንጣ መያዝ ከሁሉ ይቀላል፤ የጎደለው የትኛውም ቤት ቢሆን ያችው ሊትር ትደርሳለች። ዘይት የሚበላ ሞተር ያለው ሰው ሲንቴቲክ ላይ ገንዘቡን አያቃጥል፤ መጀመሪያ ፋሻውንና የቫልቮላ ጎማውን ያስመርምር።

የሌላ ዓይነት ባለቤት የሆነ ሰው ሠንጠረዡን ሳያስተውል አይውሰድ። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 የተሠራው ቢ.ኤም.ደብሊው አር1200ጂኤስ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ የሞተሩ ዘይት አይነካውም፤ ካምቢዮውና የኋላው ጥርስ ቤት የየራሳቸው የጥርስ ዘይት አላቸው። ከ2013 ጀምሮ የመጣው ባለ ውኃ ሞዴል ግን ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር አጣምሯል፤ ለቀድሞው የተገዛ ዘይት ለኋለኛው ላይሆን ይችላል። የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ሞተር፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ አንድ ዘይት ይጋራሉ፣ የኋላው ጥርስ ብቻ የራሱ አለው። ዘይት በሚጋራ በማንኛውም ሞተርሳይክል ላይ የጥርስ ዘይት አይጨመርም።

ሲገዙና ሲያስቀይሩ

ከበርሜል በጣሳ እየተለካ የሚሸጥ ዘይት ርካሽ ነው፤ ኤምኤ2 መሆኑን ግን በርሜሉ አይመሰክርም። በጋሎን ሲገዙ የክዳኑ ቀለበት ያልተነካ መሆኑን፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ሽፋን በወጥ መጣበቁን፣ ጋሎኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ያልተፋቀ መሆኑን ይዩ። ባዶ ጋሎን ተሰብስቦ እንደገና ስለሚሞላ ጨርሰው ሲጥሉት በምስማር ይብሱት።

ሲያስቀይሩ ከመካኒኩ አጠገብ ይቁሙ። የሦስቱንም ቤት ዘይት ማውጫ ቡሎን ጫፍ ላይ ያለውን ማግኔት በጣትዎ ይዳስሱት፤ እንደ ግራሶ የለሰለሰ ግራጫ ነገር የጤና ነው፣ ጣት የሚወጋ ስባሪ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መበላቱን ይናገራል፣ ያኔ ዘይት መምረጡ ይቆይና ቤቱ ይከፈት። የተቃጠለውን ዘይት ቱቦ ውስጥ አያስደፉት፤ ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። የአጥር እንጨት ከምስጥ ለመጠበቅ የሚፈልጉ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ጋራዡ ድረስ ስለሚመጡ ለእነሱ ይስጡት።